ከቀን መቀየሪያው ጋር የገባው

«ፎርማት ነው የሚፈልገው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለ ጓንጉል፣ እጁን እንደ ሐኪም ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፎ።

እትዬ ሠርኬ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉት። «ፎርማት ማለት?»

«አጥቦ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ፋይሉን ገልብጬ ላስቀምጥልዎት ብል ቫይረሱም አብሮ ይገለበጣል። ምን ላድርግ?»

ሱሀይር በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሐሙስ ስለሆነ ነው የመጣችው፤ በየሐሙሱ ከትምህርት ቤት መልስ ፍላሿን ይዛ ወደዚህ ፎቅ ትወጣለች። እትዬ ሠርኬ ሲኒማ ራስ አካባቢ በሚገኝ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ማመልከቻና ውል ይተይባሉ። የስምንት ዓመት ሥራቸው በሙሉ ያለው እዚያች ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የመርካቶ ሰው ደግሞ በየጊዜው አዲስ ማመልከቻ አያስጽፍም፤ «የአምናውን አውጪልኝና ቀኑን ቀይሪልኝ» ነው የሚለው። የአምናው ከጠፋ ደንበኛውም አብሮ ይጠፋል።

«ስከፍተው ይሄ ማለዳ የሚባለው ነገር ይመጣና ድርቅ ይላል» አለ ጓንጉል። ታች ምድር ቤት ኮምፒውተር የሚጠግነው እሱ ነው። «ማን ጫነብዎት?»

«እኔ ምን አውቄ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ መስሎኝ።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ነገር ነው። በፍላሽ ነው የገባው። ባለፈው ሳምንት የማንን ፍላሽ ሰኩ?»

እትዬ ሠርኬ አሰብ አደረጉ። ሱሀይር ፍላሿን በመዳፏ ሸሸገች።

«ያ ረጅሙ ልጅ፣ አዲስዓለም። የሲቪክስ የቤት ሥራ ሊያትም መጥቶ ነበር።» ከዚያ ወደ ሱሀይር ዞሩ። «የክፍልሽ ልጅ አይደል? ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳይል።»

የሱሀይር ፍላሽ ትዝ አላላቸውም። የእሷ ፍላሽ ቤተኛ ነው፤ ቤተኛን ማን ይጠረጥራል?

«እሺ» አለች። ያን «እሺ» ስትል የገዛ ድምፅዋን ጠላችው።

ጓንጉል ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ እንደሚያጥበው ተናግሮ ወረደ። እትዬ ሠርኬ ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ቀሩ። ሱሀይርም ቻው ማለት እንኳ ተስኗት ደረጃውን ወረደች።

ነገሩ የጀመረው አምና ክረምት ነው። ወንድሟ ፉርቃን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አሮጌ ኮምፒውተሩንና አንድ ወፍራም የፕሮግራም መጽሐፍ ትቶላት ሄደ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ጎበዝ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብራት ያደገችው ዱንያ፣ ቤተሰቦቿ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከሰፈር ለቃለች። መጀመሪያ በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር፤ ኋላ በየሳምንቱ፣ አሁን ለበዓል ብቻ። እናቷ የታመሙ አያቷን ልታስታምም ወራቤ ከሄደች አራት ወር ሆኗታል። አባቷ ሀያቱ ቅመም ሱቁ ውስጥ ውሎ ደክሞት ይመጣል። አባትና ልጅ እራታቸውን በልተው፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና ነው» ተባብለው ይተኛሉ።

በዚህ መሀል ነው የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም የሠራችው። «ቀን መቀየሪያ» አለቻት። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣው፣ ፓስፖርት የሚያወጣው፣ ውል የሚያዋውለው ሁሉ በጣቱ ሲቆጥር የሚሳሳተውን እሷ ባንድ ጊዜ ታወጣዋለች። ነፃ ናት። መጀመሪያ እትዬ ሠርኬ ጋ ተጫነች፤ ከዚያ ጎረቤት ለጎረቤት እየነገረ በሕንፃው ውስጥ አሥራ አንድ ኮምፒውተር ላይ ገባች። በደረጃው የሚያልፉ ሰዎች ሱሀይርን «የቀኗ ልጅ» ይሏት ጀመር። ደስ ይላት ነበር።

ከቀን መቀየሪያዋ ጋር ግን ሌላም ነገር ይገባል። ፕሮግራሟ ስትጫን ከገጹ ሥር በደቃቅ ፊደል «ማለዳንም ጫንልኝ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ አጠገቡ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሳጥኗ ውስጥ ደግሞ የራይት ምልክት አስቀድሞ ተደርጓል። ያደረገችው ሱሀይር ናት። ሰው ሁሉ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ነው የሚጭነው፤ ራይቱን ያጠፋ አንድም ሰው አልነበረም፣ ጽሑፉን ያነበበም የለም። ማለዳ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ብቅ ብሎ «ደህና አደሩ? ትናንት እንዴት ዋሉ?» ይላል፤ የተጻፈለትንም መልስ ያስቀምጣል። ሐሙስ ሐሙስ ሱሀይር «ቀን መቀየሪያዋን ላስተካክል» ብላ ፍላሿን ስትሰካ የተጻፈው ሁሉ ወደ ፍላሹ ይገለበጣል። መጀመሪያ ላይ የእውነት የሚስተካከል ነበር፤ በ2003 ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች ፕሮግራሟ የ2004ን መስከረም በአንድ ቀን ታሳስት ነበር። ኋላ ግን የሚስተካከል ነገር አለቀ፣ ሱሀይር ግን ማስተካከሏን አላቆመችም።

ያቺን ሳጥን ስትሠራ ክፉ አላሰበችም። ሰው እንዲያናግራት ነው የፈለገችው። ለራሷም «ምርቃት ነው» ብላ ነበር፤ አባቷ ኮረሪማውን መዝኖ ሲያበቃ አንድ ጭብጥ ጨምሮ እንደሚመርቀው ማለት ነው። ነፃ ነገር ላይ ሌላ ነፃ ነገር ቢጨመር ማን ይከፋል?

በአሥሩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚጻፈው እንኳን ለጨዋታ ለሳቅም አይሆንም። «እሺ»፣ «ውጣልኝ»፣ «ህህህህህ»፤ አንድ ጫማ ነጋዴ ደግሞ በየቀኑ ሳይሰለች «አንተ ማነህ?» ይላል። በአሥራ አንደኛው፣ በእትዬ ሠርኬ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፈው ግን ሌላ ነበር።

«ትናንት ደህና ዋልኩ። ሁለት ማመልከቻ፣ አንድ የቤት ኪራይ ውል። ምሳ ብቻዬን።»

«ትናንት ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሞላው። ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ስለጠየቅከኝ ነው።»

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ትናንት ፊደል ዘልዬ ደንበኛው ራሱ አየብኝ። ይሄ ከታወቀ ማን ያስጽፈኛል? ለሰው እንዳትናገርብኝ።»

ሱሀይር እነዚህን መስመሮች አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እንደ ደብዳቤ ታነባቸው ነበር። ለእሷ እንዳልተጻፉ ታውቃለች። ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚነገራት ነገር ሁሉ ቢሰበሰብ ከነሱ አይረዝምም፤ ስለዚህ ደጋግማ ታነባቸዋለች። የዓይናቸውን ነገር ባነበበች በሳምንቱም «ፊደሉን ላጉላልዎት?» ብላቸው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ባስገባችው አዲስ ቅጂ ላይ ነው የተሳሳተችው። ማለዳ በተከፈተ ቁጥር የቆየውን ጽሑፍ ሁሉ እጥፍ እጥፍ እያደረገ ይገለብጥ ጀመር። የሌሎቹ ኮምፒውተሮች አዳዲስ ናቸው፣ ብዙም አልተጻፈባቸውም፤ እስካሁን ችለውታል። የእትዬ ሠርኬ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ብዙ ተነግሮት ነበርና በሳምንቱ ሞልቶ ቆመ።

ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዝም ካለች ቅዳሜ ስምንት ዓመት ይታጠባል። ከተናገረች ደግሞ ማንበቧንም መናገር አለባት።

አርብ በእረፍት ሰዓት አዲስዓለም ወደ መቀመጫዋ መጣ። በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ እሷን ፈልጎ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

«ስሚ፣ የእትዬ ሠርኬን ኮምፒውተር ገደልክ ተባልኩ እኮ። ፎገራ መስሎኝ ነበር። ትናንት ማታ እናቴ ሰምታ እራት ላይ አላናገረችኝም።»

«እንዴት ሰማች?»

«መርካቶ አይደል? ፍላሼ ገና አዲስ ነው፤ ከዚያ በፊት የትም አልሰካሁትም። አንቺ ትችያለሽ አይደል፣ ከማን እንደመጣ በምን ይታወቃል?»

ሱሀይር ደብተሯን ገልጣ ዘጋችው። «አላውቅም።»

«ካወቅሽ ንገሪኝ፣ በናትሽ።» ትንሽ ቆመና ከኪሱ ብስኩት አወጣ። «ትበያለሽ?»

አንድ ተቀበለችው። አፏ ውስጥ ከታ ብዙ አኘከችው።

ከሰዓት በኋላ ቤት መግባት አስጠላትና ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። ሀያቱ ለአንዲት ደንበኛው ጥቁር አዝሙድ እየመዘነ ነበር። ሚዛኑ ልክ ሲሆን ሴትየዋ ዘንቢሏን አልዘጋችም።

«ምርቃቱስ ሀያቱ?»

«ትናንት መርቄሽ የለም እንዴ?»

«የትናንቱማ ተበላ።»

አባቷ እያጉረመረመ አንድ ጭብጥ ጨመረ፤ ሴትየዋም ጭብጡ መሙላቱን አይታ፣ መርቃው ሄደች። ሱሀይር ሱቁን እስኪያስተካክል ጠበቀችው።

«አባ፣ ገዢው ሳያይ መርቀህ ታውቃለህ?»

«ሳያይ?» ሀያቱ ሳቀ። «ሳያይ ምን ምርቃት አለው? ምርቃት እሷ ጨምር እያለች፣ እኔ እየተግደረደርኩ፣ ዓይኗ ጭብጤ ላይ ሆኖ ነው። ሰው ሳያይ የሚጨመረው በርበሬ ላይ የተፈጨ ሸክላ ነው።»

«የተጨመረው ጥሩ ነገር ቢሆንስ?»

«ጥሩ ከሆነ ምን ያስደብቀዋል?» ሚዛኑን በጨርቅ እየሸፈነ ቀና ብሎ አያት። «ምነው? ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየችው። ግን አንድ ወዛደር ከውጭ «ጋሼ ሀያቱ፣ ጆንያው የት ይውረድ?» ብሎ ጠራውና ወጣ። ተመልሶ ሲመጣም ረሳው፣ ወይም የረሳ መሰለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓንጉል ከመምጣቱ በፊት ሱሀይር ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። እትዬ ሠርኬ በእስክሪብቶ ማመልከቻ እየጻፉ ነበር፤ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተውታል።

«እኔ ልሞክረው?»

«ይሞታል ከተባለ ወዲያ ምን ይመጣል ብለሽ ነው። ሞክሪ።»

ኮምፒውተሩን ምንም ነገር በራሱ እንዳይከፈት አድርጋ አስነሣችው። የማለዳን ማኅደር አገኘች፤ ያበጠውን ፋይል ሰረዘችው፤ ማለዳንም ሰረዘችው። እንደገና ስታስነሣው ወዲያው ተከፈተ። የስምንት ዓመቱ ማመልከቻ በሙሉ፣ ውሉም፣ አቤቱታውም እንደነበረ ተደርድሮ መጣ። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

እትዬ ሠርኬ ስክሪኑን በእጃቸው ዳሰሱት። «ተባረኪ ልጄ። እጅሽ ይባረክ።» ወጥተው በደረጃው አናት ላይ ሆነው ጓንጉልን ተጣሩ፤ እሱም መጥቶ አየና ጭንቅላቱን አከከ።

«እንዴት አወቅሽው? እኔ ሁለት ቀን ታግዬዋለሁ እኮ።»

«እንዲሁ ሞከርኩ» አለች።

ሱሀይር እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አያውቅም ነበር። እንዲያውም ሙገሳዋን ይዛ በኩራት ትወርዳለች፤ ከሰኞ ጀምሮም «የቀኗ ልጅ» ላይ ሌላ ቅጽል ይጨመርላታል። እውነቱን ለመናገር፣ ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። ጓንጉል ሲወርድ ግን እትዬ ሠርኬ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ያ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝስ? አጠፋሽው?»

«አጠፋሁት።»

«የሚመለስ ከሆነ መልሺልኝ።» ትንሽ አፈሩ። «አትሳቂብኝ፤ ለምጄዋለሁ። የሚያነበው ሰው የሌለ ነገር ላይ ሲጽፉ ሆድ ቀለል ይላል።»

ሱሀይር ቦርሳዋን መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። መመለሱ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ስህተቱን አርማ ብትመልሰው ደስ ይላቸዋል፣ እሷም ሐሙስ ሐሙስ የምታነበው ይኖራታል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። አንደኛዋ ግን አታውቅም።

«ይነበባል» አለች።

«ምኑ?»

«የሚጽፉት። ማለዳን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከቀን መቀየሪያው ጋር ያስገባሁትም እኔ ነኝ። በየሐሙሱ እየወሰድኩ አነብ ነበር። ኮምፒውተሩንም ያበላሸው ማለዳ ነው፤ አዲስዓለም ምንም አላደረገም።»

እትዬ ሠርኬ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከታች መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት «መሳለሚያ፣ መሳለሚያ» እያለ ይጣራል።

«ባለፈው ፊደሉን ላጉላልዎት ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ሁሉንም አንብበሻል?»

«ሁሉንም።»

«ስትጭኚው ጠይቀሽኝ ነበር እንዴ? ረስቼው ነው?»

«አልረሱም። ከሥር በትንሹ ተጽፎ ነበር፤ ራይቱን ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። እንደማያነቡት አውቅ ነበር።»

ይህን የመጨረሻውን ለመናገር አላሰበችም ነበር፤ ግን እውነት እሱ ነበር፣ ወጣ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። የምነግረው ሰው የለኝም።»

እትዬ ሠርኬ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። አልጮሁም፣ ቢጮሁ ይሻላት ነበር። «ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ቁጭ ብለሽ ብትጠይቂኝ። አሁን ሂጂ።»

ሄደች። ቤት ስትደርስ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ በየሳምንቱ ያጠራቀመችውን የሰው ጽሑፍ ሁሉ፣ የጫማ ነጋዴውን «አንተ ማነህ?» ጭምር፣ ሰረዘችው። የእትዬ ሠርኬን ስትሰርዝ አለቀሰች። ከዚያ የፕሮግራሟን ውስጥ ከፍታ ያቺን ሳጥን ፈለገች። ራይቱን የሚያደርገው አንድ ቁጥር ነበር፤ አንድ የነበረውን ዜሮ አደረገችው። ደቃቁን ፊደል አጎላችና እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ይህን ከጫኑ በየጠዋቱ ጥያቄ ይመጣል። የሚጽፉትን ሱሀይር ሀያቱ የምትባል ልጅ ታነበዋለች። ካልፈለጉ ሳጥኑን እንዳለ ይተዉት።»

ባዶ ሳጥን ላይ ፈልጎ ራይት የሚያደርግ ሰው እንደማይኖር ታውቃለች። ከእንግዲህ ሐሙስ እንደ ማንኛውም ቀን መሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ገና ደወል ሳይደወል ለአዲስዓለም ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ መሬት መሬቱን አየ።

«እናቴ ጋ መጥተሽ ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለና ወደ ቦታው ሄደ። ብስኩት አላወጣም።

ከሰዓት ሕንፃውን ከታች ጀምራ ወጣችው። በየሱቁ ያንኑ ተናገረች፤ በየሱቁም የድሮውን አጥፍታ አዲሱን አሳየች። ጓንጉል ተቆጣ፤ «ሰው ፊት ስሜን ልታስጠፊ ነበር» አላት። ጫማ ነጋዴው እስኪያስለው ሳቀ፤ «አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ ጂኒ መስሎኝ እኮ ነው!» ካሚላ የምትባል ጨርቅ አስመጪ ደግሞ አንድም ቃል ሳትናገር ቀን መቀየሪያዋንም ጭምር እንድታጠፋላት በጣቷ አሳየቻት፤ አጠፋችላት። አሥር ኮምፒውተር አዳረሰች። ሳጥኗ በቀሩት ዘጠኙ ላይ ባዶ ቀረች።

አንድ ቀራት። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ የእትዬ ሠርኬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የሚተየብ ፊደል አንድ አንድ እያለ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰላም እያለች ዘው ትል ነበር። አሁን ከደፉ ውጭ ቆመችና የተከፈተውን በር በጣቷ አንኳኳች።

«ልግባ፣ እትዬ ሠርኬ?» አለች።

የትየባው ድምፅ ቆመ። ሱሀይር እግሯን ሳታነሣ መልሱን ጠበቀች።